ዓሦቹ በግምገማ ላይ ናቸው

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽው፣ ለተናፈቅሽው፣ ባሕር ተሻግረሽ ለቀረሽው ለአክስቴ ለታቢታ ኩማ፤
ሮስቶክ፣ ምሥራቅ ጀርመን

የናፍቆት ሰላምታዬ እንደ አዋሳ ሐይቅ ሰፍቶ፣ እንደ ወባ ትንኙ በዝቶ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፤ አባትሽ አባባ ደህና ናቸው፤ ላሟም ደህና ናት። ደህና ያልሆኑት ሁለት ዓሦች ብቻ ናቸው። እነሱም ሞተዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እንደምታውቂው ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማርኩት፤ በጣም ስለወደድኩት ነው። ሦስተኛ ልድገመው ስል ዳይሬክተሩ «ይበቃሃል» አሉኝ። እናቴ ለምና ለምና ሐይቁ ዳር ባለው የመንግሥት ሆቴል ተላላኪ አድርጋ አስቀጠረችኝ። ታዲያ ባለፈው ክረምት ከወዳጅ አገር የመጡ እንግዶች ለሆቴሉ አንድ የመስታወት ገንዳ ከስድስት ቀያይ ዓሦች ጋር ሰጡ። ገንዳው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ሽበሺ ሠራተኛውን ሰብስበው «ይህን የሚንከባከብ ማን ነው?» ሲሉ ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አስነጠሰኝ። «ጓድ ደረሰ! ጎበዝ!» ተባልኩና ተጨበጨበልኝ።

አደራዬን በሚገባ ተወጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ አለብን። ሌላው መስኮት ሲወለውል፣ እኔ ዓሦቹን በባልዲ አድርጌ፣ ከገንዳው ወለል ላይ ጠጠሩን ዝቄ አወጣና በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እንደ ተለቀመ ምስር ነው የሚሆነው! ከዚያ ከቧንቧ አሁን የወረደ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ እመልሳቸዋለሁ። በጥቅምት ወር የጽዳት አርአያ ተብዬ ስሜ ሰሌዳ ላይ ወጣ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው ዓሣ በጀርባው ተንሳፈፈ። ጓድ ሽበሺ «ይሄ ለምን በጀርባው ይዋኛል?» አሉኝ። «የዓመት ፈቃድ ላይ ነው» አልኳቸው።

በረሃብም አይደለም። የአገርሽን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ዓይን እያየው ብቻውን መብላት አይሆንለትም። ምሳ በልቶ የሚወጣው እንግዳ ሁሉ «እነዚህ ምስኪኖች አፋቸውን ከፍተው እያዩን» እያለ ያጎርሳቸዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆጮ። አንዱማ ባለፈው ክትፎ ጣለላቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ» ስለው «ዝም በል፣ ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል» ብሎ ደገማቸው።

አሁን ሳቁን ተይና ስሚኝ። ጓድ ሽበሺ ገንዳው ባዶውን የቀረ ዕለት ከሥራ አሰናብትሃለሁ ብለዋል። ከሥራ የወጣ ወጣት የት እንደሚሄድ ደግሞ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሥራ ፈት እየመዘገበ ነው። እንግዲህ እኔ አሁን የቆምኩት በአራት ዓሦች ጀርባ ላይ ነው። አንቺ የሕክምና ተማሪ ነሽ፤ ሰው ያዳነ ዓሣ አያቅተውም። መድኃኒቱን ጻፊልኝ።

እግረ መንገድሽን ጂንስ ሱሪ፣ ወገቡ 29፣ ካሴት ሁለት፣ የፀሐይ መነጽር አንድ። እነዚህ ለዓሦቹ አይደሉም።

ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍተህ የምታነበው ወንድሜም፣ የዓሣ ነገር የምታውቅ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጻፍልን።

ያንቺው ደረሰ


ሮስቶክ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማላምንህ ለእህቴ ልጅ ለደረሰ፣

የአባቶቻችን አምላክ ጤናህን ይጠብቅ፤ ልብም ይስጥህ፤ ሁለተኛውን አስቀድሞ። እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። እዚህ ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኗል።

ዓሦቹን የገደልካቸው አንተ ነህ። በክፋት ሳይሆን በሳሙና።

በጥሞና አንብበው፣ ከተቻለህ ሁለቴ። ያ ጠጠር ባዶ ድንጋይ አይደለም። በላዩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ሰፍረውበታል። ዓሣው የሚጥለውን ኩስና ተርፎ የሚበሰብሰውን ምግብ መርዙን የሚያበርዱለት እነሱ ናቸው። አንተ በየቅዳሜው እነሱን በሙቅ ውሃ ትፈጃለህ፤ ከዚያ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። ውሃው ንጹሕ መስሎ ታይቶህ ይሆናል። ንጹሕና ጤነኛ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ጠጠሩን ከገንዳው አታውጣ። ቀጭን ጎማ ፈልግና አንዱን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ ሰክተህ፣ ሌላውን ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ባልዲ ላይ አድርገህ ውሃውን ሳበው፤ ጉድፉ አብሮ ይወጣል። ዛሬ ግማሹን ወለል ካደረስክ ሌላውን ግማሽ ለሚቀጥለው ሳምንት ተወው። ከውሃው ሩቡን ብቻ ቀይር። የምትጨምረውን የቧንቧ ውሃ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ አንድ ሙሉ ቀን አሳድረው፤ ክሎሪኑ ይተናል፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይተካከላል። ምግብ በቀን አንዴ፣ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል። ክትፎ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

ስለ አባዬ ትንሽ ጻፍልኝ። አሁንም በየደረሱበት ስለ እኔ ያወራሉ?

ሱሪ የለም።

አክስትህ ታቢታ


አዋሳ፣ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተማረችው፣ ለተመራመረችው፣ ሱሪ ለነፈገችኝ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ሳይበርደው፣ ሳይከፈት (ሳይከፈት እንኳ አይቀርም) እጅሽ ይግባ። ደብዳቤሽ አምስት ሳምንት ፈጅቶ ጥር 29 ደረሰኝ። መድኃኒቱ ሲመጣ ከበሽተኞቹ አንድ ቀርቶ ነበር፤ እሱም በዚያው ቀን ተከተላቸው።

ባዶ ገንዳ ማሳየት ደግሞ ራስን በገዛ እግር ቀበሌ ማስረከብ ነው። ሙክታርን ታስታውሺዋለሽ? ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡት የአቶ ኑሪ ልጅ፣ አብሮኝ ዘጠነኛን የደገመው። ማለዳ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወረድንና በትንኝ አጎበር አምስት ትንንሽ ግራጫ የሐይቅ ዓሦች፣ ቆሮሶ፣ አጥምደን በባልዲ አመጣን። ጓድ ሽበሺ ገንዳው ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ቀይ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ ጓድ። ሳሙናው አስለቀቃቸው።»

«አላልኩም ሳሙናው ጠንካራ ነው!» ብለው ንብረት ክፍሉን ተቆጡ።

ችግሩ የሐይቅ ዳር ሰው ቀይ ዓሣ ሲያይ ያደንቃል፤ ቆሮሶ ሲያይ ግን ይርበዋል። ትናንት አንድ ሾፌር በጣቱ እያመለከተ «ያንን ሰፋ ያለውን በደንብ ጥበስና ሚጥሚጣ አብዛበት» አለኝ።

ጎማውን የሆቴሉ ሾፌር ጋሽ አሰፋ ሰጠኝ። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ እንደሱ አድርጎ ከበርሜል የሚስብ የለም። ቤንዚን ቤንዚን እንዳይሸት በአመድ አሽቼ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት። «ሳብ፣ ምላስህ ጋ ሳይደርስ ልቀቅ» አለኝ። ሳብኩ። አልለቀቅኩም። አክስቴ፣ ስለ ቆሮሶ የማላውቀው ነገር የለም አሁን።

ግን ውሃው እንደ ሩዝ ቅቅል ነጣ። ጠጠሩን አላጥብም በማለቴ የጽዳት አርአያነቴ ተገፎ ስሜ ከሰሌዳው ወርዷል። ጓድ ሽበሺ አጠገቤ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሰዉም ማጉረሱን አልተወም። «ማጉረስ ክልክል ነው» ብዬ ብለጥፍ «ምን ዓይነት ስስታም ሆቴል ነው?» ብለው አንዷ ሴትዮ ከቦርሳቸው ዳቦ አወጡ።

አባባ ይኸውልሽ፣ በየለቅሶው «ልጄ ዶክተሯ» ይላሉ። ጎረቤታችን እማማ አባይነሽ ጉልበታቸውን ሲያማቸው «ታቢታ እስክትመጣ ታገሺ» ብለዋቸው ይኸው ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው እየጠበቁሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የልጅ ትኩሳት እንዴት እንደሚበርድ ባለፈው እናቴ ብትጠይቅሽ «ሐኪም ጋ ውሰዱት» ብለሽ ጻፍሽ። የዓሣ ኩስ ሲሆን ግን ሁለት ገጽ! የትኛው ሆስፒታል ነው ጠጠር የሚያክመው?

ሱሪው ይቅር። ካሴቱም ይቅር። ቶሎ ጻፊልኝ ብቻ። የውትድርናው ዝርዝር ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይዘጋል ይላሉ።

ደረሰ


ሮስቶክ፣ መጋቢት 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለደረሰ፣

ሰላም ላንተና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ይህችን የምጽፈው በትምህርት ክፍላችን ወረቀት ላይ ነው፤ ማኅተሙን አይተህ ሳትጠይቀኝ ልናገር።

ሐኪም አይደለሁም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሬሳ ሲከፈት አይቼ ሁለት ጊዜ ራሴን ሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ደግፈው አወጡኝና ወደ ዓሣ ሳይንስ አዛወሩኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። የምውለው ከአርባ ገንዳዎች ጋር ነው፤ ደረሰ፣ ደስ ይለኛል። ግን ለአባዬ እንዴት ብዬ? «ዶክተር ልሆን ነው» ስላቸው ከአንገታቸው ቀና ብለው የሸኙኝን አልረሳም። ዛሬ ነገ እያልኩ ዘገየሁ። አንተ አፍህን ያዝ። ይህን እንኳ አንዴ ያዝልኝ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ሩዝ ቅቅል ያልከው ነጭ ጭጋግ አያስደንግጥህ። ጠጠሩ ላይ እነዚያ ሕያዋን እንደገና እየሰፈሩ ነው። ታገስ፤ ምግብ ቀንስ፤ ውሃውን እንዳለ አትድፋ። የሐይቁን ዳር ጠጠር አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥረህ ሳታጥብ ጣልበት፤ ዘር ይሆነዋል። ሦስት፣ አራት ሳምንት ውስጥ ውሃው ራሱ ይጠራል። ያን ጊዜ ጠጠሩ ላይ ቡናማ ነገር ታያለህ። እሱን ማንም እንዳይነካው። አሁን የዓሦችህ ሕይወት ያለው እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ነው።

ለእማማ አባይነሽ እባክህ ሐኪም ቤት ይሂዱ በልልኝ። እኔ እንዳልኩ አድርገህ።

ታቢታ


አዋሳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለዓሣ ሐኪሟ አክስቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ፤ ገንዳችንም ከሞት ተነሥቷል። ጠራ! ደብዳቤሽ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ልክ እንዳልሽው በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ገብቼ ሳየው ዓሦቹ አየር ላይ የሚዋኙ መሰለኝ። ካንቺ ደብዳቤ በኋላ ሦስት ቀን በሳቅ ፈረስኩ፣ ከዚያ አዘንኩልሽ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። አፌን ግን ይዣለሁ።

የማጉረሱን ነገር የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ይሄ በጀርመን አይገኝም። ሁዳዴ ሲገባ «ዓሦቹ ጾም ይዘዋል» ብዬ ለጠፍኩ። ሰዉ ሁሉ ቁራሹን ወደ ኪሱ መለሰ። እስላሙም ክርስቲያኑም «ታዲያ ጾመኛ ፊት እንዴት ይበላል!» እያለ ወንበሩን አዞረ። ጓድ ሽበሺ ግን አዩትና «በመንግሥት ሆቴል ስለ ጾም ይለጠፋል? ልታስገመግመኝ ነው?» ብለው ቀደዱት። ያቺ ቃል አእምሮዬን ከፈተችው። በማግስቱ ለጠፍኩ፦

ዓሦቹ በግምገማ ላይ ናቸው። ማነጋገርም ማጉረስም ክልክል ነው።

አክስቴ ሙች፣ ከዚያ ወዲህ በገንዳው በኩል ቀና ብሎ የሚያልፍ ሰው ጠፋ። ጓድ ሽበሺ ራሳቸው በጓሮ በር ነው የሚገቡት።

ከዚያ አንዷ ቆሮሶ ምግብ እምቢ አለች። አገጯ አብጦ አፏን ገጥማ ሁለት ሳምንት። አስተናጋጆቹ «ምስጢር ይዛ ነው፣ አታወጣም» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጡ። ገንዳው ፊት ቆመው ሲያዩ ያቺ ዓሣ አፏን ከፍታ መቶ የሚሆኑ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ተፋች! ሰውየው ተገርመው መስታወቱን በቀለበታቸው ኳ ሲያደርጉት ልጆቹ ሁሉ ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ።

«ልጆቿን በላች!» ብለው ጮኹ። ጓድ ሽበሺ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኑ። እኔም ጉዴ ፈላ ብዬ ቀበሌው ታየኝ። ትንሽ ቆይታ መልሳ ተፋቻቸው። ሰውየው ሳቁ፣ አሁንም ኳ አደረጉ፣ አሁንም ሳቁ። እንደዚያ እያሉ የመጡበት ስብሰባ አንድ ሰዓት ዘገየ።

«ይህን ማን ነው የሚንከባከበው?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አሉ ጓድ ሽበሺ። እኔ አጠገባቸው ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እንግዲያው በየወሩ እንዴት እንደያዝካቸው ዘገባ ላክልኝ።»

ሲሄዱ ጓድ ሽበሺ ወደኔ ዞረው «ደረሰ ወንድሜ» አሉኝ። ወንድማቸው መሆኔን የዚያን ቀን አወቅኩ። «ዘገባውን እጽፍልዎታለሁ፤ ለሥራው አስፈላጊ ነው የሚል ወረቀት ለቀበሌ ይጻፉልኝ» አልኩ። ምክንያቱም ሥራም ይዤ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ገብቶ ተገኝቷል። ተላላኪ ቶሎ ይተካል ብለው ነው። ወረቀቱን ጻፉ። ቀበሌው ግን «ሙያ ነው ካላችሁ ማን እንዳስተማረው ማስረጃ አምጡ፤ እሑድ በሕዝብ ስብሰባ ይታያል» አለ።

ማስረጃ ያለኝ ያንቺ ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። ማኅተሙ ያለው ደግሞ ያችኛዋ ላይ ነው። ስብሰባው የፊታችን እሑድ ነው፤ የቀረ ሰው ቤቱ ስለሚታሸግ አባባም አይቀሩም። ፈቃድሽን ልጠይቅ ብል መልስሽ የሚደርሰኝ እኔ ካምፕ ከገባሁ በኋላ ነው።

የላይኛውን አጥፌ ከ«ወደ ውሃው ልመለስ» በታች ያለውን ብቻ አሳያለሁ። ይቅር በይኝ። ፈርቻለሁ፣ አክስቴ። ይህችን መስመር ቀልድ አታድርጊያት።

ደረሰ


ቴሌግራም፣ ከሮስቶክ፣ ግንቦት 22 ቀን 1976

አታሳይ። ለአባዬ ራሴ እጽፋለሁ። ቆይ። ታቢታ።


አዋሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማትቆጪው (አትቆጪም ብዬ ተስፋ አድርጌ) ለአክስቴ ለታቢታ፣

ሰላምታዬ ከነጥፋቱ ይድረስሽ። «ቆይ» የሚለው ቴሌግራምሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲያው ሁሉ ነገርሽ የሚደርሰው ከቀብር መልስ ነው።

እሑድ ሚያዝያ 21 ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ወረቀቴን አንሥተው «ዓሣ መጠበቅ ምን ሙያ ነው? እኔም ቤቴ ዶሮ አለኝ» አሉ። ሰው ሳቀ። ጓድ ሽበሺ ላብ በላብ ሆነው ደብዳቤሽን ሰጡ። የቀበሌው ጸሐፊ ብርቅዬ ተቀበለችና ያጠፍኩትን ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው። ጥርት ያለ ድምፅ አላት፣ እግዜር ይይላት። «ሐኪም አይደለሁም» ብላ ጀመረች።

አባባ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ሬሳውን፣ ፕሮፌሰሩን፣ አርባውን ገንዳ፣ «ለአባዬ እንዴት ብዬ» የሚለውን፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር አነበበችው። እኔ የማየው ጫማዬን ብቻ ነው። ስለ ጠጠሩም ስለ ቆሻሻውም አንብባ ጨረሰች። አባባ በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ልጄ ዶክተር ናት ብዬ ያልነገርኩት ሰው እዚህ አለ?» አሉ። የለም። «እንግዲህ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጌታ አሥራ ሁለት ሰው ሲመርጥ አራቱ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ሐኪም ግን አንድም አልነበረባቸውም።»

«አባባ፣ እዚህ ሃይማኖት አይነሣም!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ያወራሁት ስለ ዓሣ ነው» ብለው ተቀመጡ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ጸጥ ለማሰኘት ጠረጴዛውን ቢደበድቡ ቢደበድቡ አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ «ይታለፍ!» ብለው ማኅተሙን ወረቀቴ ላይ መቱት። ስሜ ተሰረዘ።

ቤት ስንደርስ አባባ በር ላይ ቆም ብለው «ሁለት ዓመት ተኩል አስዋሸችኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ሬሳ ስታይ ማን ደገፋት? ደህና ሰው ነው?» አሉ። ደህና ሰው ናቸው አልኩ። እማማ አባይነሽን በማግስቱ ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ላንቺ የሚጽፉት ረጅም ነገር አላቸው፤ እስካሁን «ይድረስ ለልጄ» የሚለው ላይ ናቸው።

ወረቀቱ ላይ «የሥራው መጠሪያ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ብርቅዬ ምን ብላ ትሙላው? ዓሣ ጠባቂ የሚባል በመንግሥት መዝገብ የለም። ደብዳቤሽን ደግማ አየችና «የዓሦቹ ሕይወት ያለው እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ነው» የምትለዋ ላይ ጣቷን አድርጋ «የቆሻሻ ጠባቂ» ብላ ጻፈች። ማኅተም አለበት፤ አይሰረዝም። ሆቴሉ ሁሉ አሁን የሚጠራኝ በዚህ ነው። ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ሲደረግ እኔ ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማንም እንዳያጸዳው እጠብቃለሁ።

ትናንት ለውትድርና የተመረጡትን ልጆች የጫኑት መኪኖች በሆቴሉ በኩል አለፉ። ሙክታር ሁለተኛው ላይ ነበር። አቶ ኑሪ ሱቁን ዘግተው ሲሮጡ ቢውሉም ለእሱ ወረቀት አልተገኘለትም። እኔ በር ላይ ባልዲዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እሱ ግን ከጭነቱ ላይ ተንጠራርቶ በአዋሳ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦

«አንተ የቆሻሻ ጠባቂ! ለእኔም ቦታ ያዝልኝ!»

ያዝኩለት። ከበርጩማዬ አጠገብ ሌላ በርጩማ አምጥቼ አስቀምጫለሁ። ጓድ ሽበሺ ትናንት ሊቀመጡባት ሲሉ «ሰው አለበት» አልኳቸው።

የእህትሽ ልጅ፣
ደረሰ